አንድ ጥርስ

አርብ ነው። ሙሐረቅ ከተማው ገና አልተነሣም፣
ከባሕር የሚመጣው ጨው ግን ሥራ አይፈታም፤
ሌሊቱን ሙሉ ብረት ሲልስ ያድራል፣
ሲነጋ በግቢው ውስጥ አንድ የዛገ ነገር ይጨምራል።

የሟቹ ፔጆ ስድስት ዓመት ከግንቡ ጥግ ቆሞ፣
ጨውና አቧራ ጠግቦ፣ ድመት በሆዱ ሥር አሳድጎ ከርሞ፣
የኋላ ጎማዎቹ አናታቸውን ወደ ውስጥ ጥለዋል፣
እንደ ሁለት ሰካራም፣ ትከሻ ለትከሻ ሊደጋገፉ ደርሰዋል።

"ለቁራጭ ብረት ይሂድ" አለ አማቿ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ።
ኡም ራሺድ ዝም አለች። ዝምታዋን ዘጠኝ ዓመት ጠርጌዋለሁ፣
የቱ እሺ፣ የቱ እንቢ እንደሆነ ለይቼዋለሁ።
"እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ፣ ሻዩን እያስቀመጥኩ፣
ከአፌ ከወጣ በኋላ ራሴው ደነገጥኩ።
ግን የይመር ልጅ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ያደግኩ፣
ወንድሜ መፍቻ ሲጨብጥ እኔ ባትሪ የያዝኩ።
"ከፍ አርጊው! እጄን አይደለም፣ ብረቱን አሳዪኝ!"
ስንቴ ጮኸብኝ፤ ስንቴ ብርሃኑ በእጄ ሲንቀጠቀጥ አየኝ።

ሰልማባድ፣ መለዋወጫ ሱቅ። "ኩሽኔታ አለህ?" ብለው፣
ሕንዳዊው ባለሱቅ አፈጠጠ፣ ቃሉን ከየት ያምጣው?
ቦሎኒ፣ ካቻቢቴ፣ ማርቴሎ፣ ግራሶ፣
ከአባቴ የወረስኩት ይኸው ነው፣ እዚህ ገበያ የማይመነዘር ጨርሶ።
ባንኮኒው አቧራ ላይ በጣቴ ክብ ሣልኩ፣ በክቡ ዙሪያ መርፌዎች፤
ሳቀ። ከመደርደሪያው አወረደ አራት ፍሬዎች።

ፍሬኑን ፈታሁ፣ ከበሮውን አወረድኩ፣ ጎማውን ከግንቡ አስጠጋሁ፣
አሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ በቧንቧ አስረዝሜ ካንድ ቦሎኒ ጋር ታገልሁ።
ይኼ መኪና ከኋላ ሞላ የለውም፤ በሞላ ፈንታ ዘንግ አለው፣
መንገድ በመታው ቁጥር ተጠማዞ የሚመለሰው፤
ጫፉ ላይ ጥርስ አለው፣ ደቃቅ፣ እንደ ማበጠሪያ፣
አንዱን ከሳትሽ ዘመም ነው የመኪናው ማረፊያ።
እናም ለዒድ የገዛሁትን የጥፍር ቀለም ከፈትኩ፣
ጥርሱና ማቀፊያው ላይ ቀይ ቀይ ነጥብ አሳረፍኩ።

ከዚያ ትግል። ዘይት አጠጣሁት። ለመንኩት።
በማርቴሎ መታሁት። በወሎኛ ሰደብኩት።
ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ፣ ምራቄ በአገጬ እየወረደ፣
እኩለ ቀን ሲቃረብ ዘንጉ ጮኸና ሄደ።
መርፌዎቹ መርፌ አልነበሩም ከእንግዲህ፤
በርበሬ የመሰለ ዱቄት ፈሰሰ መዳፌ ላይ፣ እንዲህ።

የፕላስቲክ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ኡም ራሺድ ናት።
አባያዋን ሰብስባ ተቀመጠች፣ ምንም ሳትል፣
ባትሪውን ከጥርሴ መካከል መዘዘችው፣ እሾህ እንደሚነቀል።
አበራችልኝ። አዲሱን ኩሽኔታ በግራሶ ሞልቼ፣
ወደ ቦታው ስመታ ጨለመብኝ። አንገቴን ሳላዞር፣ ረስቼ፣
"ከፍ አርጊው! እጄን አይደለም፣ ብረቱን አሳዪኝ!" አልኩ፣
በአማርኛ፤ በይመር ድምፅ። ከዚያ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ዘጠኝ ዓመት "ሃዲር" ብቻ ያለ አፍ!
                              ብርሃኑ ግን ከፍ አለ።
ቀኝ እጇ ሲደክም ወደ ግራ አዛወረችው፤
ሌላ ቃል የለ።

ከመግሪብ በኋላ ክሪኩን አወረድኩ። ጎማዎቹ ቀጥ ብለዋል፤
የመኪናው ቀኝ ጎን ግን በሁለት ጣት ዝቅ ብሏል።
ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጥፍር ቀለሙን ናፍታ አጥቦት ኖሯል።
አንድ ጣት አሳየኋት፣ ከዚያ ጥርሴን ነካሁ፦ በዚህ፣ በአንድ።
ገባት። ሳቀች፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ሳትከልል፤
ከፊት አንድ ጎደላ አላት፣ እስከ ዛሬ ያላየሁት።

"ጁምዓ" አለች፣ "የሚመጣው"፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሥታ።
ወንበሩን እኔ አነሣሁ።
ባትሪውን ግን አልሰጠችኝም፤ ይዛው ገባች፣ እንደበራ።